«ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» እየተባለ የሚሸጠውን የጭማቂ ፓኬጅ አትግዙ

በቴሌግራምና በቲክቶክ እየተዋወቀ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ቤት ድረስ የሚመጣ «የዲቶክስ (መርዝ ማውጫ) ፓኬጅ» የሚሉት ነገር አለ። በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ የፍራፍሬና የአትክልት ጭማቂ ነው። ደም ያጠራል፣ ጉበት ያጥባል፣ ስኳርንና ደም ግፊትን ከሥሩ ይነቅላል ይባልለታል። በቤታችሁ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አክስቴ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ፣ ለደም ግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል ለዓመታት የሚወስዱ ሴት ናቸው። የአሥር ቀን ፓኬጅ በ9,000 ብር ገዙ። ክፍያው ቀድሞ በባንክ ይላካል፣ ደረሰኝ የለም፣ ሻጩም ከስልክ ቁጥር በቀር አድራሻ የለውም። በየማለዳው አራት ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ይመጣሉ። ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ዝንጅብል። ሁለቱ የብርቱካን፣ የአናናስና የቀይ ሥር ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ከተራ ቁጥር ሌላ ምንም አልተጻፈም፤ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደተዘጋጀ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም። እህል እንዳይቀምሱ ተነገራቸው። ጥቂት ቀን እንደቆዩ ደግሞ ሻጩ «ኪኒኑ የጭማቂውን ሥራ ያበላሻል፣ ያቁሙት» ብሎ ጻፈላቸው።

ይህን መልእክት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ አግኝቷቸው የማያውቅ ሰው፣ የስኳር መድኃኒት አቁሙ አላቸው! አክስቴ አመኑት። ውኃ ጥማቱና የሌሊት ሽንቱ በረታባቸው፣ ማስመለስ ጀመሩ። ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው ስኳራቸው ከ400 በላይ ነበር። ለሻጩ ስንነግረው «መርዙ እየወጣ ነው፣ ይታገሡ» አለ። ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። «ስኳር አልጨመርንበትም» ይላሉ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ 8 ግራም ያህል፣ የአናናስ ደግሞ 10 ግራም ያህል የራሱ ስኳር አለው። ሁለቱ የፍራፍሬ ጠርሙሶች አንድ ሊትር ስለሚሆኑ ከእነርሱ ብቻ በቀን 80 ግራም ያህል ስኳር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የፍራፍሬ ጭማቂን ስኳር ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል፤ ጠቅላላው በቀን ከምንመገበው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም አካባቢ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ የማይመከርለትን መጠን ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ብሎ መሸጥ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ሦስት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው ጊዜ ይወስድበታል፣ ይጠግባልም። ተጨምቆ ሲቀርብ ግን በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገየው ፋይበር የሚባለው አሰር በአብዛኛው ከጭማቂ ማውጫው ዝቃጭ ጋር ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣና ከ187,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እንደ ፖምና ወይን ያሉ ፍራፍሬዎችን እንዳሉ የሚበሉ ሰዎች ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመጋለጣቸው ዕድል ዝቅ ብሎ፣ ጭማቂ አዘውትረው የሚጠጡት ደግሞ ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

አረንጓዴው ጠርሙስስ? ስኳሩ ትንሽ ነው፣ አደጋው ግን ሌላ ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር በብዛት አላቸው። ኦክሳሌት በብዛት ሲገባ ኩላሊት ውስጥ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የኩላሊት ሕክምና መጽሔት የ65 ዓመት ሴት ታሪክ ዘግቦ ነበር፤ ቀድሞ የጨጓራ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውና አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ነበሩ፣ በአረንጓዴ ጭማቂ «ማጽጃ» ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ሆነ። ቆስጣ ቀቅሎ ውኃውን ደፍቶ መብላት ኦክሳሌቱን ይቀንሰዋል። ጥሬውን እየጨመቁ በሊትር መጠጣት ግን ሰው ወጥ ሠርቶ በልቶ የማይደርስበት መጠን ነው።

ከመድኃኒት ጋር የሚፈጠረውን ደግሞ ሻጮቹ ጨርሶ አያነሡትም። ኢናላፕሪል በሰውነት ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን እንዲከማች ያደርጋል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በዚያ ላይ የብርቱካንና የቅጠላ ቅጠል ጭማቂ በብዛት ከጨመረ ልቡ ምቱን ሊስት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል በድንገት ሲያበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንስበታል። ግሬፕ ፍሩት በተቃራኒው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲንና የደም ግፊት መድኃኒቱ ኒፈዲፒን በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ከፍ እንዲሉ ያደርጋል። ግሊቤንክላሚዱን ሳያቋርጥ እህል ያቋረጠ ሰው ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እነዚህን ሁሉ በአጭር መልእክት የሚመክር ሻጭ አላየሁም፣ «አቁሙ» የሚል እንጂ።

«መርዝ ማውጣት» የሚሉትም ቢሆን፣ ሰውነታችን ውስጥ ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የትኛው መርዝ፣ በየትኛው ምርመራ ታየ፣ ከጭማቂው በኋላስ ምን ያህል ቀነሰ? ጠይቋቸው፤ መልስ የላቸውም።

ጭማቂን ግን አልጠላም፣ ማንም እንዲጠላውም አልፈልግም። ሎሚና ዘይቶን በቫይታሚን ሲ የበለጸጉ ናቸው፣ ከምስር ጋር ሲወሰዱ የብረት ማዕድኑ በደንብ እንዲሰርጽ ይረዳሉ። የቀይ ሥር ጭማቂ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በመጠኑ፣ መድኃኒት በሚተካ ደረጃ ግን አይደለም። ማኘክ ለሚቸገሩ ሽማግሌዎች ጥሩ ነው። የጁስ ቤቱ አቮካዶና ፓፓያ ሙሉውን ስለሚፈጭ አሰሩ አብሮት ይቀራል፤ ስኳርና ሽሮፕ እንዳይጨምሩበት ብቻ ንገሯቸው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጭማቂ አትስጡ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 በግልጽ የመከረው ይህንኑ ነው።

ያልፈላ ጭማቂ በፀሐይ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር መዋሉንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ የገባበት ያልፈላ የፖም ጭማቂ በርካታ ሰዎችን አሳምሞ አንዲት ሕፃን ገድሏል።

ገዝታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ያቆማችሁትን መድኃኒት ይዛችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ከዚያ ጠርሙሱን አትጣሉት፣ የተጻጻፋችሁትን አታጥፉት፣ የባንኩን ማረጋገጫ ያዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ለደረሰባችሁ ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ለክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውላችሁ ምርቱን ጠቁሙ።