በቀለም የማይለይ እንጨት፦ በቸርችል ጎዳና ስለሚገኝ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ሱቅ

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የጥንታዊ ዕቃዎች መሸጫዎች አንዱ፣ ከብር ጌጣጌጡ በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆዩ የእንጨት ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎችን ይሸጣል፤ ይጠግናልም። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ክፍልና የእንጨቱን ዓይነት ለይተው ስለሚነግሩት አረጋዊ ባለሙያ ነው።

በዘንጎቹ ላይ የተንጠለጠሉት ካርዶች አያስተማምኑም፤ አብዛኞቹ በደፈናው «ቀርከሃ» ይላሉ። ቀርከሃን ለማወቅ ግን ብዙ ድካም አይጠይቅም። ሙሉ አገዳ ከሆነ አንጓዎቹ ይታያሉ፤ ስድስት ስንጥቆች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ከሆነ ደግሞ በጣት ሲያዞሩት ስድስት ጠፍጣፋ ገጾች ይቆጠራሉ። አንጓም ሆነ መጋጠሚያ የሌለው ክብ ዘንግ ከግንድ የተፈለጠ እንጨት ነው፤ የባለሙያው ችሎታ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ክፍል ያለው አንድ ዘንግ መርጬ ስጠይቃቸው «ቀለሙን አይመኑት፤ ያጠቆረው ቫርኒሹ ነው» አሉኝና የነሐሱን ማያያዣ በጥንቃቄ አውልቀው ቫርኒሽ ያልነካውን የእንጨቱን ጫፍ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። በመያዣው ክፍል ትላልቅ ቀዳዳዎች በየዕድገት ቀለበቱ መጀመሪያ ተሰልፈው ይታያሉ። ክረምቱ በረዷማ በሆነ አገር የሚበቅል እንዲህ ያለ ዛፍ በጸደይ እድገቱን ሲጀምር ውኃ ማመላለሻዎቹን አስፍቶ ስለሚሠራ ነው፤ ይህ አሽ የተባለው ዛፍ ነው። መካከለኛው ክፍል ተመሳሳይ ቢመስልም የቀዳዳዎቹ ሰልፍ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ክብደቱም ይበልጣል፤ የሰሜን አሜሪካው ሂኮሪ ነው። የጫፉ ክፍል ፈዛዛ ቢጫና እጅግ ልሙጥ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ያለ መነጽር አይለዩም፤ ከኩባና ከጃማይካ ይመጣ የነበረው ላንስውድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ሠሪዎች ጠንካራውን ከታች፣ ተለጣጩን ከላይ እያደረጉ እንጨት ማቀላቀላቸው የተለመደ ስለነበረ፣ ለአንድ ዘንግ አንድ ስም ብቻ መስጠት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ለማነጻጸር ያወጡልኝ ሌላ ዘንግ በብሪታንያ ለረጅም ጊዜ ተወዳጅ የነበረው የጉያና ግሪንሃርት ነበር። ከወይራማ አረንጓዴ እስከ ጥቁር ቡናማ የሚደርስ ቀለም አለው፤ አንድ ሜትር ኩብ የደረቀ እንጨት 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ብዙውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። በእጅ ሲይዙት እንደ አገራችን ወይራ ይከብዳል፤ እንዲያውም የአንደኛው ዘንግ የተሰበረ ጫፍ በወይራ ተተክቶ አይቼ፣ ልዩነቱን ያስተዋልኩት እሳቸው የቁርጡን ገጽ ካሳዩኝ በኋላ ነው። አንድ ገዢ ዘንጉን ውኃ ውስጥ ነክረው እንዲፈትኑለት ሲጠይቃቸው በትሕትና እምቢ ማለታቸውንም አደንቃለሁ፤ የድሮው ሙጫ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ በመሆኑ ውኃ ያላቅቀዋል።

ቅር ያሰኘኝ የጥገና ክፍሉ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ዘንጎቹን በብርጭቆ ወረቀት አብዝቶ ይፍቃል፤ ቀጭኑ ጫፍ ጥቂት ሲፋቅ እንኳ የዘንጉ መታጠፍ ይለወጣል፤ የቆየው የሐር ክር ጥቅልልም አብሮ ይጠፋል። የግሪንሃርት ስንጥር ቆዳን የሚያስቆጣ ሆኖ ሳለ ያለ ጓንት መሥራቱም ሊታረም ይገባል። ዋጋው ግን ተገቢ ነው፤ ለመለየቱ ሥራ ምንም አልተጠየቅሁም፤ ለዘንጉም የተጠራልኝ ዋጋ ላይ መደራደር ይቻላል።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ አረጋዊው መኖራቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ማያያዣውን እሳቸው ራሳቸው እንዲያወልቁላችሁ፣ ቫርኒሹም ፈቃዳችሁ ሳይጠየቅ እንዳይነካ ንገሯቸው። ባለቤቱ ደግሞ በየካርዱ ላይ የመያዣውን፣ የመካከሉንና የጫፉን እንጨት ለየብቻ ቢያጽፍ፣ እውቀቱ እዚያው ሱቁ ውስጥ ስላለ ምንም አያስወጣውም።