ለቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕ የአየር መግቢያ፦ ከአራቱ ማሻሻያዎች የትኛው ይሻላል?

የቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕዎን የአየር መግቢያ ለማሻሻል አራት መንገድ አለ፦ የፋብሪካውን ሳጥንና የወረቀት ፊልትሮ እንዳለ ይዞ የመሳቢያ ቱቦውን በራስ እጅ ማስተካከል፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ታጥቦ የሚመለስ ዘይት የጠጣ የጥጥ ፊልትሮ ማስገባት፣ ሳጥኑን አውጥቶ ክፍት ሾጣጣ ፊልትሮ ማሰር፣ ወይም ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ቁመት ላይ የሚስብ ቱቦ) መትከል። ለንጽጽሩ የያዝነው በአገራችን መንገድ ላይ ሞልቶ የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ነው፤ የሌሎቹም ቱርቦ ናፍጣዎች ነገር ብዙ አይለይም።

በቅድሚያ ስለ ጉልበት። የናፍጣ ሞተርን ጉልበት የሚወስነው የሚረጨው ነዳጅ ነው። ኮምፒውተሩ የሚረጨውን መጠን ካልጨመረ፣ አየር ስለበዛ ብቻ ፈረስ ጉልበት አይመጣም። መግቢያው ታፍኖ ከነበረና ከተከፈተ ግን ልዩነቱ ይታወቃል፦ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይቀንሳል፣ ቱርቦው ቶሎ ይነሣል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሻጭ ካጋጠመዎት አይመኑት።

ከፍታችን ጉዳዩን ያከብደዋል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ጉድለቱን የሚሞላው ይበልጥ ፈጥኖ በመሽከርከር ነው። በቆሸሸ ፊልትሮ ወይም በጠበበ ቱቦ 5 ኪሎፓስካል ተጨማሪ ከጠፋ ዘንጉ ከዚያም በላይ ይፈጥናል፣ የሚገፋው አየርም ይግላል። አቧራው ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። ፊልትሮውን አልፎ የገባ ደቃቅ አሸዋ መጀመሪያ አየሩን የሚገፋውን የቱርቦውን ኮምፕሬሰር ክንፎች ጠርዝ ይበላል፣ ቀጥሎ ወደ ፒስተን ፋሻና ሲሊንደር ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉንም አማራጭ የምንመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል አየር ያሳልፋል? ምን ያህል አቧራ ይይዛል?

ከመግዛትዎ በፊት ግን ይለኩ። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ጣውላ ላይ ይሰሩ፤ እያንዳንዱ ክንድ ከ1 ሜትር አይነስ። እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ይሙሉበት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ንጹሕ ክፍል ካለ ትንሽ ቀዳዳ ጋር ያገናኙ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። ጭነት ይዘው ዳገት ላይ ነዳጁን ሙሉ ሲረግጡ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት ያንብብ። ለከባድ ናፍጣ ሞተሮች የተለመደው ጣሪያ 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለፒክአፕ ከ40 ካለፈ መግቢያው ታፍኗል እንላለን። ከ25 በታች ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ፊልትሮ ቢገዙ የሚሰማዎት ለውጥ አይኖርም፤ ገንዘብዎን ለጎማ ያስቀምጡ። ክንዶቹን ማሳጠር ውሃው ወደ ሞተር እንዲሳብ ያደርጋል፣ ስለዚህ በርዝመቱ አይቆጥቡ። ሲጨርሱም ቀዳዳውን አጥብቀው ይድፈኑ።

ክፍት ሾጣጣ ፊልትሮ

ድምፁ ያምራል፤ የቱርቦው ፉጨት ጎልቶ ይሰማል። ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚያ ነው። ለአገራችን ናፍጣ ግን ከአራቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር በትራፊክ መሐል ከውጭው በ30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ 25 ዲግሪ የነበረው አየር 55 ሲደርስ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ያጣል። ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የወጣውን ትኩስ አየር የሚያበርድ) ያለው መኪና ከፊሉን ያካክሳል፤ ደካማው 2.5 ግን ኢንተርኩለር ሳይኖረው የወጣበት ጊዜ ስላለ ሙሉውን ይከፍላል። ሌላው ጣጣ የአየር መጠን ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው፤ ሰፋ ወይም ጠበብ ያለ ቱቦ ላይ ሲታሰር የሚያነበው ይዛባል፣ የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሥርዓት) ቁጥጥሩ ይበላሻል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ይበራል።

ዘይት የጠጣ የጥጥ ፊልትሮ

ሳጥኑ ውስጥ ስለሚገባ ሙቀት አያመጣም፣ አየርም ከወረቀቱ ትንሽ በቀላሉ ያሳልፋል። ችግሩ አቧራ አያያዙ ነው። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከ99 በመቶ በላይ አቧራ ይይዛል፤ የጥጡ በአብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው፣ በተለይ ታጥቦ ዘይቱ ሳይዳረስ ሲቀር። ዘይት ሲበዛበት ደግሞ ትርፉ ተስቦ የሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ያኔ በሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይ ብቻ ይጠቡት፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ያበላሸዋል። ከተማ ውስጥ በአስፋልት ብቻ ለሚሄድና በእጁ በትዕግሥት ለሚያጥብ ሰው ይሆናል። ኮንስትራክሽን ሳይት ለሚውል መኪና አይሆንም።

ስኖርክል

ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፣ ፓራፋንጎም ያስበሳል። ጥቅሙን ብዙ ሰው ከውሃ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ እኛ ዘንድ ትልቁ ጥቅሙ አቧራ ነው። ወደ ዳሎል ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ ተከታትለው በሚሄዱ መኪኖች መሐል፣ ጣሪያ ቁመት ላይ ያለው አየር ከፓራፋንጎው ውስጥ ካለው እጅግ የጠራ ነው። ጭንቅላቱን አቧራ አሽከርክሮ በሚጥል ሳይክሎን ከቀየሩት የወረቀት ፊልትሮው ዕድሜ በደንብ ይረዝማል፤ አየሩን ግን በመጠኑ ስለሚያፍን የውሃ መለኪያውን እንደገና ይጠቀሙ፣ አቧራው የሚጠራቀምበትንም ኩባያ ምልክቱ መስመር ጋር ሳይደርስ ይድፉ።

ሲገዙ ስፌቱን ይዩ። ርካሽ ቅጂዎች መገጣጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ውስጣቸውም ይጠባል። ወንዝ ለመሻገር ካሰቡ ስኖርክሉ ብቻውን አያድንም፦ የሳጥኑ ሥር ያለው የውሃ ማፍሰሻና እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ካልታሸገ ውሃው በታች ይገባል።

በራስ እጅ የሚሠራው

ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ይህንን ነው። ዋጋው ከአንድ የጥጥ ፊልትሮ ያንሳል። ብዙ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከፓራፋንጎ ውስጥ ወይም ከፊት ቀዝቃዛ አየር ይስባሉ። በአገልግሎት ላይ ግን ያ ቱቦ ይሰበራል፣ በግጭት ጥገና ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል፣ ወይም የሳጥኑ ጎማ ይደርቃል። ማሻሻያው ያንን መመለስና ማስፋት ነው።

የሚያስፈልገው፦ ውስጡ 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ የተጠመጠመበት ቱቦ 1 ሜትር፣ ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሚይዙ 4 ፋሸታዎች፣ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን፣ እና አዲስ የወረቀት ፊልትሮ። የ63 ቱቦ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ፤ የ76ቱ ቀዳዳ ስፋት በ45 በመቶ ይበልጣል። ሽቦ የሌለው ለስላሳ ቱቦ ደግሞ ሲሳብ ይጨፈለቃል። የቧንቧ ሠራተኛ ፒቪሲ የሚሠራው ከጭስ ማውጫው ርቆ ከሆነ ብቻ ነው፣ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳልና።

የሚነኩት ከፊልትሮው በፊት ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለውን ማኒኮቶና ሴንሰሩን አይቀይሩ፤ እዚያ የሚፈጠር ትንሽ ክፍተት ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ያስገባል። ሳጥኑን አውጥተው በሳሙና ይጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ስንጥቅ ካለ በሲሊኮን ደፍነው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ቱቦውን ከሳጥኑ አፍ ጋር በፋሸታ ያስሩና ከፊት መብራቱ ጀርባ ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ ያውጡት። ከመከላከያው በታች በፍጹም አያውርዱት፤ ክረምት ላይ አንድ ኩሬ ሞተሩን ይሰብረዋል። አፉ በስለት የተቆረጠ አይሁን፤ ወደ ውጭ ገልበጥ ያለ ጠርዝ አየሩን በቀላሉ ያስገባል። ወንፊት አያድርጉበት፣ ጭቃ ይደፍነዋል።

ፊልትሮው ሲገባ የጎማ ከንፈሩ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን በጣት ይዳስሱ። ሐሰተኛ ፊልትሮዎች የሚታወቁት እዚህ ነው፦ ከንፈራቸው ደረቅ፣ እጥፋታቸው ጥቂትና ያልተመጣጠነ ነው። በአየር መንፋት ካስፈለገ ከ2 ባር ሳያልፉ፣ ከንጹሑ በኩል ወደ ውጭ፣ ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀው ይንፉ። ከዚያ ውስጡ ላይ መብራት ይያዙ፤ ብርሃን በነጥብ ካለፈ ይጣሉት።

ከአራቱ የቱንም ቢመርጡ፣ ከሴንሰሩ አልፎ ያለውን የንጹሑን ቱቦ የውስጥ ግድግዳ በስሱ ግራሶ ቀብተው 500 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ የሴንሰሩን ሽቦ ግን ምንም አይንካው። ሲከፍቱት ግራሶው ላይ አቧራ ካለ የሚያስገባው ፊልትሮው፣ የሳጥኑ ጎማ ወይም ከዚያ በፊት ያለ መገጣጠሚያ ነው። ቀዳዳውን ሳያገኙ መኪናውን ወደ አቧራ መንገድ አይመልሱት።