ስልኩ ይጠይቃል፤ መልሱን ማን ያነባል? ራስን የማጥፋት ሐሳብን የሚከታተሉ መተግበሪያዎች ሲመዘኑ

«ሳምንቱን እንዴት ከረሙ?» ተብሎ የተጠየቀ ታካሚ በአብዛኛው የሚናገረው ያን ዕለት የተሰማውን ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ይግላል፣ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ለአደጋው የተጋለጡ ሰዎችን በቀን 4 ጊዜ በስልክ እየጠየቀ የተከታተለ ጥናት፣ ከመልሶቹ ወደ ሲሶ የሚጠጉት ከጥቂት ሰዓታት በፊት ከተሰጠው መልስ በጉልህ የራቁ መሆናቸውን አሳይቷል። መተግበሪያዎቹ የሚጠቅሙት ይህን መዋዠቅ ለመያዝ ነው፤ በተለይ ታካሚው ከሆስፒታል በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ አደጋው ከፍ በሚልበት ጊዜ።

ስልኩ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ የመጠይቅ ጥሪ ያቃጭላል፤ መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥሩውን ከደካማው የሚለየው የጥያቄው አቀራረብ ነው። ለመሞት ያለው ፍላጎት፣ እርምጃ ለመውሰድ ያለው ቁርጠኝነት፣ ራስን ለመግታት ያለው እርግጠኝነት ለየብቻ ከ0 እስከ 10 መለካት አለባቸው። ፍላጎቱ 7፣ ቁርጠኝነቱ 0 የሆነ ሰው እና ሁለቱም 7 የሆኑበት ሰው አንድ ዓይነት እርዳታ አይሹም። ሁሉንም ጠቅልሎ «ስሜትዎ እንዴት ነው?» ብሎ የሚያልፈውን አንመክርም። እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን የሚያነጋ ታካሚ ጥሪ ሳይጠብቅ ራሱ መልስ የሚጀምርበት ቁልፍም የግድ ያስፈልጋል።

መጠየቁ ሐሳቡን ያባብሳል የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ጉዳዩን የፈተሹ ጥናቶች ግን መባባስ አላገኙም። መሰልቸት ግን አለ፤ ቀናት በገፉ ቁጥር መልሱ ይሳሳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር ቀላል ነው። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ መተግበሪያውን ያስተኛዋል፤ ጥሪው አይመጣም፤ ሐኪሙም ታካሚው ሳይመልስ የቀረ ይመስለዋል። ታካሚው ከክሊኒክ ሳይወጣ የባትሪ ገደቡ ይነሣለት፤ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ሁለት የሙከራ ጥሪ ይላክ። በተቆለፈው ስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍም «መጠይቅ አለዎት» ከማለት አይለፍ፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው ይችላል።

ዝምታን እንደ ደኅንነት መቁጠር ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። ሰው መመለስ የሚያቆመው ሲብስበትም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ሙሉ መልስ ከጠፋ ይደወልለት። ለክሊኒኩ ማስጠንቀቂያ የሚያስልከው የቁጥር ወለል ዝቅ ካለ ደግሞ ሠራተኛው በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ይሰለቻል። ከፍ ያለ ቁጥር ሲያስገባ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ፣ አንዴ ሳይጠብቀው ሰው ቤቱ ከመጣበት በኋላ 2 እና 3 ብቻ መጻፍ ይጀምራል።

ማን ራሱን እንደሚያጠፋ እንተነብያለን ለሚል አገልግሎት ግን ገንዘብ አይክፈሉ። በ50 ዓመታት ውስጥ የተሠሩ 365 ጥናቶችን የመረመረ የ2017 ትንተና፣ ትንበያው ከዕጣ እምብዛም እንዳልተሻለ ነው ያገኘው።

የመተግበሪያውን ውል ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ እኩለ ሌሊት ላይ የገባ 9 ማን ያየዋል? መልሱ «ጠዋት ሥራ ስንገባ» ከሆነ፣ ይህ በውሉ መጨረሻ ሳይሆን በጥያቄው ገጽ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ታካሚው ከሐኪሙ ጋር ያዘጋጀው የደኅንነት ዕቅድ (ሐሳቡ ሲበረታ ምን እንደሚያደርግ የተጻፈበት) ያለ ኢንተርኔትም ይከፈት፤ ከሥሩም በአንድ ንክኪ ወደ ቅርብ ሰውና ወደ ድንገተኛ እርዳታ የሚደውል ቁልፍ ይኑር።