ድንጋይ መሳይ ፓነል ሲገዙ፦ ፖሊስተር፣ ኳርትዝ፣ አክሪሊክ ወይስ ሲሚንቶ?

ድንጋይ መሳይ ፓነል ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፣ ቀጥሎም ስለ ዋጋው ነው። ሻጩም ለሁለቱ መልስ ሰጥቶ አንዲት ቁራጭ ናሙና ያስይዘዋል። ናሙናዋ ግን ብዙ አትናገርም። አዲስ ሳሉ ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ፤ ልዩነታቸው የሚወጣው ተገጥመው ፀሐይ፣ ሙቅ ውኃና የምድጃ ሙቀት ሲፈራረቁባቸው ነው። ስለዚህ ከቀለም በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት እላለሁ፦ ድንጋዩን ያጣበቀው ምንድን ነው? የተጣበቀው ዱቄት የምን ድንጋይ ነው? ፓነሉ የሚገጠመውስ የት ነው? ሦስተኛውን የሚመልሰው ገዢው ራሱ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን መመለስ ከማይችል ሻጭ አለመግዛት ይሻላል።

ከምን ይሠራሉ?

መሠረታዊው አሠራር አንድ ነው። ፈሳሽ ሬዚን (ሲጠነክር እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ማጣበቂያ) ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይለወሳል፣ ማጠንከሪያ ይጨመርበታል፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ዱቄቱ ሬዚን ለመቆጠብ ብቻ የሚጨመር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ፖሊስተር ሬዚን ብቻውን ሲጠነክር ይዘቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይኮማተራል፤ ብዙ ሙቀትም ያመነጫል። ያለ ዱቄት በወፍራሙ ቢፈስ ይሰነጠቃል። የድንጋይ ዱቄቱ መኮማተሩን ይገታል፣ ሙቀቱን ይጋራል፣ ክብደትና ግትርነት ይሰጣል። ከልክ ሲያልፍ ግን እያንዳንዱን ቅንጣት የሚያርስ ሬዚን ያጥራል፤ የፓነሉ ውስጥ ቀዳዳ ይበዛበታል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ጥሩ አምራች የሚለየው ይህን ልክ በማወቁና ድብልቁን ያለ አየር አረፋ በመለወሱ ነው።

በመጀመሪያ የሚገኘው ፖሊስተር ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር የሚፈስበት ዓይነት ነው። ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን ውድ ማሽን ስለማይጠይቅ በአነስተኛ የማምረቻ ቦታም ይሠራል። የፊቱ ውበት የሚመጣው ጄልኮት ከሚባለው ዱቄት አልባ የሬዚን ሽፋን ነው። ጄልኮቱ ቀድሞ ቅርጽ ማውጫው ላይ ይረጫል፤ ከዚያ ድብልቁ ከበላዩ ይፈስሳል፤ ፓነሉ ሲወጣ ታች የነበረው ገጽ የፓነሉ ፊት ይሆናል። ይህ ሽፋን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገዢው በየቀኑ የሚያየው፣ የሚያጥበውና የሚዳስሰው ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንጂ ድንጋዩን አይደለም። ጄልኮቱ ከተቧጠጠ ወይም እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭኑ ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያለው ድብልቅ ቆሻሻና ውኃ መምጠጥ ይጀምራል።

ሁለተኛው ኳርትዝ ነው። እዚህ ሬዚኑ አነስተኛ ነው፤ ከክብደቱ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የኳርትዝ ጠጠርና ዱቄት ነው። እንዲህ ያለ ደረቅ ድብልቅ እንደ ፈሳሽ አይፈስም፤ አየሩ በማሽን እየተሳበለት፣ እየተንቀጠቀጠ ይጨመቅና ምድጃ ገብቶ ይጠነክራል። ዘዴውን በማስፋፋት ስሙ የሚነሣው የጣሊያኑ ብሬቶን ኩባንያ ነው። ኳርትዝ ጄልኮት የለውም፤ ያው ድብልቅ ከፊቱ እስከ ጀርባው ይዘልቃል። የሚገዙት ፓነል ላይ ያሉት መስመሮች እውነት ወደ ውስጥ መዝለቃቸውን ግን የተቆረጠ ጠርዝ አይተው ያረጋግጡ፤ ላይ ላዩን የታተሙም አሉ።

ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። ዱፖንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ያወጣው ኮሪያን የዚህ ቤተሰብ በኩር ነው። አንድ ሦስተኛው አክሪሊክ፣ ሁለት ሦስተኛው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ነጭ የማዕድን ዱቄት ነው። ሲሞቅ ይታጠፋል፤ መገጣጠሚያውም በራሱ ዓይነት ማጣበቂያ ተጣብቆ ሲለሰልስ ዓይን አያገኘውም። ክብ ዓምድ ወይም የታጠፈ ግድግዳ ለማልበስ ከሦስቱ የሚመቸው እሱ ነው።

ኢፖክሲ በተባለ ሌላ ሬዚን የተሠራ ፓነልም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ከፖሊስተር ያነሰ ይኮማተራል፣ የበለጠ ይጣበቃል፣ የሲሚንቶን አልካሊ ይቋቋማል። ሆኖም ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ከፖሊስተር ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል። ጥላ ያለበት ቦታ ካልሆነ አልመክረውም።

ፀሐይ ያለበት ግድግዳ

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ፖሊስተርም ኳርትዝም የውጭ ግድግዳ ላይ መውጣት የለባቸውም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሬዚኑን ይሰባብረዋል፤ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ጄልኮቱ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። በኳርትዝ ድንጋዩ ራሱ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው ቅንጣቶቹን የያዘው ጥቂት ሬዚን ነው፤ ግን ያ በቂ ነው። አብዛኞቹ የኳርትዝ አምራቾች ዋስትናቸውን ለቤት ውስጥ ብቻ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። «ለውጭም ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠመ የዋስትናውን ወረቀት ጠይቆ ማንበብ ነው።

አክሪሊክ ጨረሩን ከሁለቱ በጣም በተሻለ ይቋቋማል፤ ለውጭ ተብለው የሚሠሩ ዓይነቶችም አሉት። ፈተናው ሌላ ነው፤ በሙቀት መለጠጡ። የ3 ሜትር የአክሪሊክ ፓነል በሌሊት ቅዝቃዜና በቀን ፀሐይ መካከል የ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ቢያገኘው ርዝመቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል፤ ያው ርዝመት ያለው ግራናይት ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። አራት ሚሊ ሜትር በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ፓነሉ በአራቱም በኩል በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ግን ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመገጣጠሚያዎቹ ክፍተት የሚተውና ፓነሉን ወዲያ ወዲህ በሚያንሸራትት ማያያዣ የሚይዝ ባለሙያ ከሌለ አክሪሊክን ወደ ውጭ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለውጭ ግድግዳ ቀድሞ መታየት ያለበት ሬዚን የሌለበት ተፎካካሪ ነው። በፋይበርግላስ የተጠናከረ የሲሚንቶ ፓነል ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ስስ ውፍረት ይሠራል፤ ፀሐይ አያቃጥለውም፣ እሳት አያቀጣጥለውም። ጉድለቱ ውኃ መምጠጡ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ነጭ የጨው እድፍ ሊያወጣ ይችላል፣ ውኃ የሚከላከል ቅብም በየጊዜው ይፈልጋል። እንደ እብነ በረድ የሚያብረቀርቅ ገጽ ለሚፈልግ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ትልቅ የፖርሴሊን ሰሌዳ አለ። ሬዚን ስለሌለበት ቀለሙ አይለወጥም፤ ጠርዙ ግን በቀላሉ ይሸረፋል፣ ለመቁረጥም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

መታጠቢያ ቤትና ማብሰያ ቤት

ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የፖሊስተር እብነ በረድን አልንቅም። ጄልኮቱ ውኃ አያስገባም፣ መጋጠሚያው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አይቅር፦ ጄልኮቱ ከሁለቱ የፖሊስተር ሬዚን ዓይነቶች የትኛው ነው፣ አይሶፍታሊክ ወይስ ኦርቶፍታሊክ? ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ሙቅ ውኃ በየቀኑ ሲያገኘው ከውስጥ እየተበላ ውኃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጣል። ሙቅ ውኃ ቀጥታ የሚወርድበትን ቦታ፣ በተለይ የውኃ መውረጃ ቀዳዳውን ዙሪያ፣ ከዓመታት በኋላ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች እዚያ ይጀምራሉ። አቅም ከፈቀደ አክሪሊክ የተሻለ ነው፤ ቢቧጠጥ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ይታደሳል፤ ጄልኮት ላይ ግን ደጋግሞ መፋቅ ሽፋኑን ይጨርሰዋል።

ማብሰያ ቤት ውስጥ ኳርትዝን የሚስተካከል የለም፤ ከምድጃው ጀርባ ካልሆነ በስተቀር። ጭረትና የዘይት እድፍ አያሸንፉትም፤ ሎሚና ኮምጣጤም ኳርትዙን አይበሉትም። ሬዚኑ ግን ከ150 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ለጉዳት ይጋለጣል፤ የተቃጠለ ቦታ ቢጫ ወይም ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል፣ መመለሻም የለውም። ነበልባል የሚቀርበው ግድግዳ የፖርሴሊን ወይም የተፈጥሮ ድንጋይ ቦታ ነው።

እሳት

በዚህ ጉዳይ ዱቄቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በውስጡ የተቆራኘውን ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል፤ ይህ ውኃ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። እንፋሎቱ ፓነሉን ያቀዘቅዛል፣ እሳቱንም ያዘገያል። አክሪሊክ ብቻውን በደንብ የሚቀጣጠል ነገር ሆኖ ሳለ በዚህ ዱቄት ሲሞላ ጠባዩ የሚለወጠው ለዚህ ነው። የእብነ በረድ ዱቄት በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ እርዳታ የለውም፤ የፖሊስተሩ ሬዚን ሲነድ ጥቁርና ወፍራም ጭስ ያወጣል። በአውሮፓ ደረጃ ምደባው ከኤ1 እስከ ኤፍ ስለሆነ ሻጩ የምርመራ ወረቀት ሊያሳይ ይገባል፤ የጭሱ ደረጃም ለብቻው ይጻፋል። ለመውጫ ደረጃና ለኮሪደር ያለዚያ ወረቀት ምንም ዓይነት የሬዚን ፓነል መገዛት የለበትም።

ከፊቱ ድንጋይ መስሎ ከጀርባው የፕላስቲክ አረፋ የተለጠፈበት ቀላል ፓነልም ይሸጣል። ለንደን ውስጥ በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በግሬንፌል ታወር ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተዋል፤ እሳቱን በሕንፃው ላይ ያዛመተው በዋናነት በስስ አሉሚኒየም መካከል የነበረው ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ያ የሬዚን ድንጋይ አልነበረም፤ ግን ፓነል ሲገዛ ፊቱን ሳይሆን ውስጡን መጠየቅ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የሚቆርጠው ሰው

ገዢዎች እምብዛም የማያነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ማንሣት የምፈልገው ጉዳይ አቧራው ነው። የኳርትዝ ፓነል በደረቁ ሲቆረጥ ክሪስታላዊ ሲሊካ የተባለ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ አይድንም። ወጣት ቆራጮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሕመሙ መዳረጋቸው ከታወቀ በኋላ አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ በማገድ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። የተገጠመ ፓነል ነዋሪውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ግራይንደር የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ኳርትዝ ከመረጡ በልክ ተቆርጦ እንዲመጣ ይዘዙ፤ ቦታው ላይ መቁረጥ ግድ ከሆነም ውኃ እየፈሰሰበትና ቆራጩ ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያ አድርጎ ይሁን። ሲሊካቸው ዝቅ እንዲል ተደርገው የሚሠሩ ፓነሎችም ገበያ ላይ አሉ፤ መጠኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። የእብነ በረድና የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ፓነሎች በዚህ ረገድ አደጋቸው እጅግ ያነሰ ነው። ለእኔ ይህ ብቻ እንኳ ጭረት የማይበዛበትን የሳሎን ግድግዳ ለአክሪሊክ እንድሰጥ ያደርገኛል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

የፓነሉን ጀርባ በሚስማር ይፋቁት። ለስላሳ ነጭ ዱቄት ከወጣ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ከሰጠ የእብነ በረድ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ወጥቶ አረፋ ካልሰጠ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሊሆን ይችላል። ሚስማሩ ራሱ ተፍቆ ግራጫ መስመር ከተወ ኳርትዝ ነው።

ቀጥሎ ፓነሉን በጠርዙ አቁመው በርዝመቱ ይመልከቱት። ሲፈስ ከባዱ ዱቄት ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ፊቱ ይሰጥማል፤ ጀርባው ሬዚን ይበዛበታል፣ አብልጦም ይኮማተራል። ያን ጊዜ ፓነሉ ወደ ጀርባው ይጎብጣል። የጎበጠን ፓነል በማጣበቂያ አስገድዶ ግድግዳ ላይ ማቃናት አይቻልም፤ ውሎ አድሮ ጠርዙን ይነቅላል። ጀርባው ላይ በአሴቶን የራሰ ጨርቅ ያሳርፉ፤ ከተጣበቀ ሬዚኑ በደንብ አልጠነከረም። ስለታም የስታይሪን (በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለ ፈሳሽ) ሽታ ካልለቀቀውም እንዲሁ ነው፤ ማጠንከሪያው አንሶ ወይም ፓነሉ ሳይበስል ወጥቶ ይሆናል።

ክብደቱንም ከግድግዳው ጋር ያገናዝቡ። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኳርትዝ በካሬ ሜትር ወደ 48 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 12 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ወደ 21። በቀጭን የጂፕሰም ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያውን በማጣበቂያ ብቻ መለጠፍ አይታሰብም።

በመጨረሻ፣ ሁሉንም ፓነሎች ከአንድ የምርት ዙር ይውሰዱ፤ ዱቄቱ ከሌላ ጎተራ ሲመጣ ነጩ ሌላ ነጭ ይሆናል። የዙሩን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ አንድ ትርፍ ፓነልም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። አክሪሊክ ከሆነ ቁርጥራጮቹን አይጣሉ፤ የተሰበረ ጠርዝ የሚጠገነው በእነሱ ነው።