ቦይለር ማስጠገን ወይስ መቀየር? ጠጣር ውሃ ባለበት ቤት ሁለቱንም ካየሁ በኋላ

የደረስኩበትን ከመጀመሪያው ልናገር። ውሃው ጠጣር በሆነበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቦይለር ስትገዙ ሊትሩንና ፊቱ ላይ ያለውን ዲጂታል ሰሌዳ ከማየታችሁ በፊት ሆዱ እንዴት እንደሚከፈት እዩ። በቀላሉ የሚከፈት ቦይለር ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ ዕድሜው ይረዝማል። ለመክፈት የሚያስቸግረውን ግን ማንም አይነካውም፣ ሲበላሽም ይጣላል። እኔ አሮጌውን አስጠግኜ ተጠቅሜበታለሁ፣ ታንከሩ ራሱ ሲያፈስ ደግሞ ሬዚስታንሱን (ውሃውን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ዘንግ) ውሃ በማይነካው ዓይነት ቀይሬዋለሁ። የምጽፈው ስለ ጥገናውም ስለ አዲሱም ነው።

ጠጣር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት የሟሟበት ውሃ ነው። ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥበትም፣ የሻወር ቀዳዳ በነጭ ነገር ይደፈናል፣ ብርጭቆ ሲደርቅ ነጫጭ ነጠብጣብ ይቀርበታል። በልኬት ካወራን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ከ120 ሚሊግራም በላይ የያዘ ውሃ ጠጣር፣ ከ180 ያለፈ ደግሞ በጣም ጠጣር ይባላል። ውሃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ጉዱ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ሙቀቱ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ባይካርቦኔት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይቀይረዋል፣ እሱ ደግሞ በደንብ ስለማይሟሟ በጣም የሞቀውን ነገር ፈልጎ እዚያ ላይ ይጋገራል። ቦይለር ውስጥ ከሬዚስታንሱ የበለጠ የሚሞቅ ነገር የለም። በሊትር 200 ሚሊግራም የያዘ ውሃ በቀን 150 ሊትር ብታሞቁ፣ በቀን 30 ግራም፣ በዓመት ወደ 11 ኪሎ ማዕድን በቦይለራችሁ ውስጥ አለፈ ማለት ነው። ሁሉም እዚያው አይቀርም፣ ከውሃው ጋር የሚወጣም አለ። ከዚህ ላይ ጥቂት እጁ ቢቀር ግን ታንከር ለመሙላት ይበቃል።

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ቦይለሩ ሲሞቅ ይንጣጣል ወይም ያጉረመርማል፣ ይህ ከኖራው (ከተጋገረው ነጭ ማዕድን) ስር የታፈነ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሲፈነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው። የሙቅ ውሃው መጠን ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ቦታውን ዝቃጭ ይዞታል። ብሬከር መጣል ከጀመረ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያስተላለፈ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ብሬከሩን እየመለሱ ሻወር መግባት አይሞከርም። ትንሿ ቀይ የደህንነት ቁልፍ ደጋግማ የምትዘል ከሆነም እየተጫኑ መቀጠል አያዋጣም። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት በኖራ ተሸፍኖ የተሳሳተ ሙቀት እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጥገናው ልምጣ። የእኔው ውሃ ማሞቅ ሲያቆም መጀመሪያ የመጣው የጥገና ድርጅት ሰራተኛ ሬዚስታንሱን ብቻ ቀይሮ ሄደ። ዝቃጩን አላወጣም፣ አኖዱን (ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀውን ዘንግ፣ እመለስበታለሁ) አላየም፣ አሮጌውን ጋስኬት (መክደኛው እንዳያፈስ የሚገባውን ጎማ) መልሶ አሰረው። አዲሱ ሬዚስታንስ የገባው እዚያው ክምር ኖራ ውስጥ ነው። ብዙ ሳይቆይ ተቃጠለ፣ ጋስኬቱም ማንጠባጠብ ጀመረ። ስመልስለት ድርጅቱ «ታንከሩ አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። ታንከሩ ግን ገና አያፈስም ነበር። በዚህ ዓይነት አገልግሎት ብዙ ሰው ደህና ቦይለር እንደሚጥል እገምታለሁ፣ ያናድዳልም።

ሁለተኛው ባለሙያ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ገና ሲመጣ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፍቶ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋገጠ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዘጋ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፈተ፣ ከዚያ ውሃውን አፈሰሰ። ከታች ያለውን ክብ መክደኛ ቡሎኖቹን ፈቶ ሲያወርደው ሬዚስታንሱ አብሮ ወጣ። በጄሶ የታሰረ ክንድ ይመስል ነበር! መዳቡ ጨርሶ አይታይም። እጁን ወደ ታንከሩ ሲሰድ ነጭ ቅርፊት፣ ጠጠርና አሸዋ የመሰለ ነገር በእፍኝ እየዘገነ አወጣ፣ ባልዲው ሲሞላ ለማንሳት ከበደ። የሚገርመው ብረት ነገር ወደ ውስጥ አላስገባም። ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀው እንደ መስታወት ያለ ስስ ኢናሜል ስለሆነ በስክሩድራይቨር ከተመታ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀበት ደግሞ ዝገቱ ይጀምራል። በእጁና በፕላስቲክ መፋቂያ ነው የጨረሰው።

ከዚያ አኖዱን አሳየኝ። ይህን ነገር ሳያውቁ ቦይለር የሚጠቀሙ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ትንሽ ልቆይበት። አኖድ ታንከሩ ውስጥ የሚገባ የማግኒዚየም (አንዳንዴም የአሉሚኒየም) ዘንግ ነው። ስራው መበላት ነው። ኢናሜሉ ፍጹም ስላልሆነ ብረቱ በትንንሽ ቀዳዳ ውሃ ያገኘዋል፣ ማግኒዚየሙ ግን ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ እሱ እስካለ ድረስ ብረቱ ይተርፋል። ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው። የእኔው ላይ የቀረው መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ፣ እሷም በኖራ የተለበጠች ነበረች። ታንከሩ እስከዚያ መቆየቱ ራሱ ዕድል ነው። አኖድ ከሬዚስታንስ ጋር ሲነጻጸር ተራ ዕቃ ነው፣ ታንከሩን የሚያድነው ግን እሱ ነው፣ እና በጠጣር ውሃ አካባቢ በየዓመቱ ተከፍቶ ቢታይ ጥሩ ነው። በታይታኒየም የተሰራና በኤሌክትሪክ የሚሰራ የማያልቅ አኖድም አለ፣ ግን ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ይፈልጋል፣ ቦይለሩን ቀን ቀን ከብሬከር የምታጠፉ ከሆነ አይሆናችሁም።

ሬዚስታንሱን በቴስተር ሲለካው አብሬ አየሁ። ለ220 ቮልት የተሰራ ባለ 1500 ዋት ደህና ሬዚስታንስ ወደ 32 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ከሁለቱ ጫፎች በአንዱና በውጪ ብረቱ መካከል ንባብ ከታየ ደግሞ ወደ ብረቱ እያፈሰሰ ነውና ቢሞቅም ይጣላል። የእኔው ተቆርጦ ነበር። ያልተቆረጠ ቢሆን ኖሮ ሲትሪክ አሲድ ወይም አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ኖራውን ማስለቀቅ ይቻላል። አዲስ ሬዚስታንስ፣ አዲስ አኖድ፣ አዲስ ጋስኬት፣ ሶስቱንም በአንድ መክፈቻ ጨረሰ። ቡሎኖቹን በዙሪያው በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየረ ነው ያጠበቃቸው፣ መክደኛው እኩል እንዲቀመጥ። ኤሌክትሪኩን የመለሰው ታንከሩ ሞልቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር የሌለው ውሃ መውረድ ሲጀምር ነው። ባዶ ታንከር ላይ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላልና ይህን ቅደም ተከተል ማንም እንዳያጣድፍባችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኖራውን ለማሟሟት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታንከሩ ውስጥ ላፍስስ የሚል ካጋጠማችሁ እምቢ በሉት። ኖራውን በርግጥ ይበላል፣ አብሮ ግን ብረቱንና መዳቡን ይነካል፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘማ መርዛማው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ጥገናውን ለማሻሻጥ «ኖራ ካለ ቆጣሪው ይበላሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለኤሌክትሪክ ቦይለር ይህ ብዙም እውነት አይደለም። ሬዚስታንሱ ውሃው ውስጥ የተነከረ ስለሆነ ሙቀቱ ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። የሚጎዳው ሬዚስታንሱ ራሱ ነው፣ ሙቀቱን ቶሎ ማራገፍ ስላቃተው ከሚችለው በላይ ግሎ ይቃጠላል። በጋዝ የሚሰራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሳቱ ከታች ነው፣ ዝቃጩም ከታች ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ውሃው ጋ መድረስ ትቶ በጭስ መውጫው ይሄዳል፣ ጋዙም በከንቱ ይቃጠላል። የታንከሩ ወለልም ከመጠን በላይ ይግላል።

ታዲያ መቀየር መቼ ነው? ውሃው የሚመጣው ከየት እንደሆነ እዩ። ከመክደኛው ዙሪያ ከሆነ ጋስኬት ነው፣ ይጠገናል። ከሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው) በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ብልሽት አይደለም፤ 80 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ስለሚጨምር መውጫ ይፈልጋል። ያንን መውጫ በቡሽ የሚደፍኑ አሉ፣ በጣም አደገኛ ነው። እንዲያውም ኖራ እንዳያደርቀው በየጊዜው ማንሻውን ከፍ አድርጎ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ውሃው ከውጪው ቆርቆሮ ስር፣ መጋጠሚያ ከሌለበት ቦታ፣ ዝገት እያዘለ ከመጣ ግን ታንከሩ ተበስቷል። በዚህ ጊዜ ብየዳም ሆነ ማጣበቂያ ገንዘብ ማባከን ነው። የእኔም መጨረሻ ይህ ሆነ። አኖዱ ባዶ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ታንከሩን ጎድቶት ነበር፣ ጥገናው ዕድሜ ቢጨምርለትም አላዳነውም።

አዲሱ ሬዚስታንሱ ሴራሚክ የሆነ፣ በኢናሜል በተለበጠ የብረት ቱቦ ውስጥ የሚገባ ነው። ውሃው ቱቦውን እንጂ ሬዚስታንሱን አይነካም። ቱቦው ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ብዙ ቦታ ላይ ይበተናል፣ ፊቱ ያን ያህል አይግልም፣ ኖራውም ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ልዩነቱን አይቼዋለሁ። ድምፅ የለውም። ለምርመራ ሲከፈት ቱቦው ላይ የነበረው ስስ ሽፋን በጨርቅ የሚለቅ ዓይነት ነበር። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ሬዚስታንሱ ቢቃጠል ውሃውን ሳያፈሱ ስቦ መቀየር መቻሉ ነው። የማይመቸኝም አለ። መጀመሪያ ላይ ለመሞቅ ይዘገያል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል። መለዋወጫውን እያንዳንዱ የቧንቧ ሰራተኛ ይዞት አይዞርም፣ የሚያውቀውም ጥቂት ነው። ታንከሩ ውስጥ ዝቃጭ መከማቸቱም አልቀረም፣ ስለዚህ «ለኖራ የማይበገር» የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑት። በጥቅሉ ግን ጠጣር ውሃ ላለው ሰው ያለማመንታት እመክረዋለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ሌሎቹንም አይቻለሁ። ስቴንለስ ታንከር አይዝግም ይባላል፣ ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ግን በብየዳው በኩል ሊበሳው ይችላል። ታንከር የሌለውና ወዲያው የሚያሞቀው ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን የውሃ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ኖራ ቶሎ ያንቀዋል። በዓመት ቢያንስ አንዴ ኖራውን ካላስለቀቃችሁለት ጠጣር ውሃ ላይ ባትሞክሩት ይሻላል።

ሙቀቱን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። ከዚያ ሲያልፍ ኖራው በፍጥነት ይጋገራል። ኖራን በመፍራት 40 ላይ መተውም አይሆንም፣ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ይመቸዋል። መግቢያው ላይ የፖሊፎስፌት ማጣሪያ ማድረግ ኖራው እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ ውስጡን በጊዜው መቀየር እስካልተረሳ። በጨው የሚሰራ ማለስለሻ ካስገባችሁ ካልሲየሙን በሶዲየም ተክቶ ከስሩ ይፈታዋል፣ ግን አኖዱ ቶሎ ሊበላ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ አስከፍታችሁ እዩት። ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ማግኔት ግን አልገዛም፣ አሳማኝ ማስረጃ አላየሁበትም።

የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር ሻጩን ጠይቁ። አንደኛው ሬዚስታንሱና አኖዱ ምን ያህል ይረዝማሉ የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ከቦይለሩ ስር ያን ያህል ክፍት ቦታ ካልተተወ ሰቅላችሁት ስታበቁ ሊወጡ አይችሉም። ሁለተኛው ዋስትናው ነው። ብዙ አምራቾች ለታንከሩ ዋስትና የሚሰጡት አኖዱ በጊዜው ከታየና ከተቀየረ ነው፣ በኖራ የመጣ ጉዳትንም ብዙውን ጊዜ አይሸፍኑም። ስለዚህ አኖድ ሲቀየር ደረሰኝ ይቁረጡላችሁ፣ ቀኑንም ቦይለሩ ጎን ላይ በማርከር ጻፉት። አንድ ተጨማሪ ጋስኬትም ከዚያው ከሻጩ ግዙ፣ በኋላ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል።