ዳንቴል ልማር ሄጄ አርባ ልጆችን ተዋወቅኩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አይቼ ነው የሄድኩት። «የአርመን ታሪክ፣ ጥበብና የእጅ ሥራ፣ አራት ቅዳሜ፣ 600 ብር» ትላለች። እኔ ዓይኔን የጣልኩት የእጅ ሥራው ላይ ነበር። ታሪኩን ምራቂ ነው ብዬ ነው የቆጠርኩት።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ይበርዳል። የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ወንበሮቹም የሕፃናት ናቸው፣ ጉልበት አያስቀምጡም። ቡናው ግን እጅ ያስቆረጥማል።

አስተማሪው አዲስ አበባ የኖሩ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሳያስቡት ብድግ አሉ! «ዜማውን ማን ነው የደረሰው?» አሉ ጋሼ። ዝም። ለካ ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመናዊ ኖሯል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ሄደው ሳሉ፣ በአርመኖች ገዳም ያሉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሰላምታ አቀረበላቸው፤ ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ናቸው፤ ራስ ተፈሪ ወደዷቸውና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አሰልጣኛቸው ኬቮርክ ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞች አሠልጥኗል። እኔ ይሄን ሁሉ እስካሁን አለማወቄ አናደደኝ።

ጋሼ ወደ ኋላም ሄዱ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ጥለው ወጥተው አርመን አገር ነው ያረፉት። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስም አርመናዊ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ የፊደል ነው። ሜስሮፕ ማሽቶትስ የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ405 አካባቢ ለአርመኖች 36 ፊደል ቀረጸላቸው። የእኛን «ሀ» የምትመስለው እነሱ ዘንድ «ስ» ናት፣ «ለ» የምትመስለው ደግሞ «ኦ»። አንድ ልጅ ጽሑፉን እንደ አማርኛ «ሀ፣ ለ» እያለ ሲያነበው ሳቅ ገደለን።

ሦስተኛው ቅዳሜ ኻችካር። በድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ የሚቀረጽ መስቀል ነው፣ ዙሪያው በሐረግ የተሞላ፣ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ድንጋይ ከየት ይምጣ፣ የልብስ ሳሙና በቢላ አስቀረጹን። የእኔ መስቀል አንድ ክንዱ ተገንጥሎ ቀረ። ቤት ወስጄ ልብስ አጠብኩበት። ስለ ላቫሽ ቂጣቸውም ተወራ፣ ግን ቅምሻ የለም፣ ሥዕል ብቻ።

ቅሬታዬ አራተኛው ላይ ነው። የተመዘገብኩበትን የመርፌ ዳንቴል የዚያን ዕለት በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሱት። የእኛ ዳንቴል በኪሮሽ ነው፣ የእነሱ በተራ የልብስ መርፌ። ክሩን ቀለበት ታደርጊውና መርፌዋን በውስጡ አሳልፈሽ ትቋጥሪያለሽ፣ ከዚያ አጠገቡ ሌላ ቀለበት፣ ሌላ ቋጠሮ። ቀለበቶቹ እኩል ካልሆኑ ሥራው ሁሉ ይጣመማል። ጥሩ ጎኑ፣ እያንዳንዱ ስለተቋጠረ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። ከጎኔ የነበሩት እማማ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ልጄ፣ ይሄማ ዓይን ይፈልጋል» አሉኝ፣ ብለውም ከሁላችን ቀድመው አንድ ረድፍ ጨረሱ። የታደለን ክር ደግሞ የሚያሟልጭ ናይለን ነው፣ ቋጠሮው አይዝም። በ600 ብር የጥጥ ክር ይከብዳል እንዴ? ለጋሼ ስነግራቸው «ልክ ነሽ፣ ሁለት ቅዳሜ ይገባው ነበር» አሉ እንጂ አልተከራከሩኝም።

ለታሪኩ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተመዝገቡ። ለእጅ ሥራው ከሆነ ግን ቀጭን የጥጥ ክርና መርፌ ከሰኞ ገበያ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ቀሪውን ቤት ትሠሩታላችሁ። የእኔ ከጀመርኩት ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ስፋቱ ገና አንድ ጣት አልሞላም።