በደሴ ጭጋግ ውስጥ ፉርጎ መቀባት፤ የአንድ ጀማሪ ኤርብራሽና ኮምፕሬሰር ግምገማ

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሃራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ካየሁ ወዲህ የፉርጎ ሞዴሎችን በብሩሽ ስቀባ ቆይቻለሁ። ይሁንና በ1፡87 ልክ በተሠራ ሞዴል ላይ ብሩሽ የሚተወው የ0.2 ሚሊ ሜትር ጉብታ በእውነተኛው ፉርጎ ሲሰላ ከ17 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ፣ እጄ የቱንም ያህል ቢረጋ ሥራው አላረካኝም። በዚህ ምክንያት ባለፈው ክረምት ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ ኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ)፣ ባለ 3 ሊትር የአየር ማጠራቀሚያ ካለውና አየር አምቆ ከሚሰጠው አነስተኛ ኮምፕሬሰር ጋር ገዛሁ።

የኤርብራሹ ምላጭ ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይለቃል። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነጥብና መስመር እየሠራሁ ጣቴን ለማስለመድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ቀለሙን ማቅጠን ነው፤ አክሪሊኩ (በውሃ የሚቀጥነው ቀለም) እንደ ወተት ሲሆን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ባለው ግፊት በሚገባ ይረጫል፤ ከዚያ ከወፈረ ጫፉ ላይ ይደርቃል፣ ከቀጠነ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር እየተዘረጋ ይሸሻል። ግፊቱንም አየሩን እየለቀቁ ማስተካከል ይገባል፤ ምላጩ ሳይነካ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ሥራው ሲጀመር ዝቅ ይላልና።

ዋናው ጉድለት ከአየሩ ውስጥ ውሃ የሚይዘው ማጣሪያ ነው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝም በውስጡ የነበረው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወደ ከተማው በሚወርድበት በክረምት ወር ማጣሪያው በፍጥነት እየሞላ፣ ሊደርቅ የተቃረበውን የዝገት ቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ በውሃ ጠብታ አበላሽቶብኛል። ከኤርብራሹ እጀታ ሥር ሁለተኛ ማጣሪያ ከጨመርኩና የማጠራቀሚያውን ውሃ ማታ ማታ ማፍሰስ ከጀመርኩ በኋላ ግን ችግሩ አልተመለሰም።

ማጠራቀሚያ የሌለውን ዓይነት ከጓደኛዬ ተውሼ ስለሞከርኩት፣ ለባለ ማጠራቀሚያው የሚጨመረው ገንዘብ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚያኛው የአየሩ ትርታ እስከ ቀለሙ ድረስ ይሰማል። መብራት ሲጠፋም በ3 ሊትሩ ውስጥ የቀረው አየር አንድ ደቂቃ እንኳ ባያስቀባ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ኤርብራሹን በውሃ ለማጠብ ይበቃል፤ ይህም መርፌዬን ደጋግሞ አትርፎልኛል።

ከመሣሪያው ጋር የአፍንጫ መከለያ አይመጣም። አክሪሊክ ሽታው ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ይዘናጋሉ፤ የሚረጨው ቀለም ጉም ግን ወደ ሳንባ የሚገባ ስለሆነ፣ የቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ባለ ማጣሪያ መከለያ ከኮምፕሬሰሩ ጋር በአንድ ቀን ግዙ፤ መስኮትም ከፍታችሁ ሥሩ።